ሰማያዊው ሸሚዝ

ሻንጣው ሳሎን መሀል ምንጣፉ ላይ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ባለቤቱ ከዴንቨር ከመጣ ገና አራተኛ ቀኑ ነው፤ ከነገ ወዲያ ጠዋት ወደ ጂንካ ይበራል፣ ከጂንካ ደግሞ በመኪና ወደ ታችኛው ኦሞ ሸለቆ ይወርዳል። የአደን ፈቃዱ ወጥቷል፤ ጠመንጃው ተመዝግቧል፤ 10 ሌሊት ካምፕ አድሮ ይመለሳል። ኮሎራዶ ውስጥ በየዓመቱ ኤልክ የሚያድን ሰው ስለሆነ ብርዱን፣ ዳገቱንና ድቡን ያውቃል። ቆላን ግን ከፎቶ ውጭ አያውቀውም፤ ተወልዶ ያደገው ስድስት ኪሎ ነው፣ አሜሪካ የገባው ደግሞ በ19 ዓመቱ።

አጎቱ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ዕቃውን ያያሉ። ዕድሜያቸው 75 ነው። በወጣትነታቸው ወባ ማጥፊያ ይሠሩ ነበር፤ የዲዲቲ መርጫውን በትከሻ አንግተው ከቆላ ቆላ እየዞሩ የየሰዉን ግድግዳ ሲረጩ ኖረዋል። ኋላ ደግሞ ከ20 ዓመት በላይ የአዳኝ እንግዶች ካምፕ ኃላፊ ሆነው ኦሞና ጋምቤላ ተመላልሰዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ምክር የሚሰጡት ለጠየቃቸው ብቻ ነው ይላሉ። ዛሬ ማንም አልጠየቃቸውም።

አጎት፦ በል አውጣው። አንድ በአንድ። ይሄ ምንድን ነው?

ወጣት፦ ጋምባሌ ነው ጋሼ። የእባብ ጥርስ አይበሳውም።

አጎት፦ ጥሩ። እኔ በዚያ ሁሉ ዘመን እባብ የነደፈው እንግዳ አላጋጠመኝም። ወባ ያንቀጠቀጠውን ግን ቆጥሬ አልዘልቀውም። የሚገርመው፣ ሁሉም ጠመንጃውን ሦስት ጊዜ ወልውሎ ነው የሚተኛው፤ አጎበሩ ግን ለግማሹ ለጌጥ የተሰቀለ ይመስለዋል።

ወጣት፦ እኔ እኮ ኢትዮጵያዊ ነኝ። ደሜ ትንሽ አይለምደውም?

አጎት፦ ደምህ የለመደው የስድስት ኪሎን ብርድ ነው! አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወባ እዚህ ሲተላለፍ አልኖረም። በሽታውን መቋቋም የሚለምደው ከልጅነቱ ጀምሮ እየታመመ ያደገ ሰው ነው፤ እሱም ቢሆን አገር ለቆ ዓመታት ከቆየ ይጠፋበታል። አሜሪካ ወባ ይዞ ከሚገባው መንገደኛ ትልቁን ቁጥር የሚይዘው ማን ይመስልሃል? ካሜራ አንጠልጥሎ የዞረው ቱሪስት አይደለም። ዘመድ ሊጠይቅ አፍሪካ ሄዶ የተመለሰው ነው፤ የተወለድኩበት አገር ምን ያደርገኛል ብሎ ክኒኑን ሳይውጥ የሄደው።

ወጣቱ ዝም አለ። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ሻንጣው ሰደዱና አንድ ሸሚዝ መዘዙ፤ ስስ፣ አዲስ፣ ደማቅ ሰማያዊ። ዋጋው ገና አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ገልበጥ አድርገው አዩትና ሶፋው ላይ አጠገባቸው አስቀመጡት።

ወጣት፦ ምን ሆነ?

አጎት፦ ይቆይ። እንደርስበታለን።

ወጣት፦ እሺ፣ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ባለፈው ዓመት ባሌ ለደጋ አጋዘን የመጣ ጓደኛ አለኝ፤ ስለ ወባ አንድም ቃል አልነገረኝም።

አጎት፦ ምን ብሎ ይነግርሃል? እሱ ያደረው 3,000 ሜትር ላይ ነው፤ እዚያ የሚያስፈልገው ካፖርት ነው። ነገሩ የሙቀት ጉዳይ ነው። ትንኟ የታመመ ሰው ደም ከጠጣች በኋላ የወባው ተህዋስ ሆዷ ውስጥ ተራብቶ ምራቋ እስኪደርስ ድረስ ቀን ይፈልጋል። 28 ዲግሪ በሆነ አገር 10 ቀን ገደማ ይበቃዋል፤ 20 ዲግሪ ላይ ወደ አንድ ወር ይጠጋል። የትንኟ ዕድሜ ደግሞ ቢበዛ ጥቂት ሳምንት ነው። ደጋ ላይ ተህዋሱ ሳይደርስላት እሷ ትሞታለች። ኦሞራቴ ግን ያለችው 400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚያ ሁሉም ነገር ይፈጥናል።

በአገራችን 2,000 ሜትር እንደ ድንበር ሲቆጠር ኖሯል። ዝናቡና ሙቀቱ ሲያብድ ግን ድንበሩ ይጣሳል። እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እ.አ.አ. በ1958፣ ወረርሽኙ እስከ 2,150 ሜትር ድረስ ወጣ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመ፣ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ነው የተገመተው። ወባ ማጥፊያ የተቋቋመው በዓመቱ ነው፤ እኔንም ኋላ እንጀራ ያበላኝ እሱ ነው። አለቀለት ብለን ነበር። እ.አ.አ. በ2024 ግን ከጥር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። አንተ የምትወርደው ወደዚህ ነው።

የክኒኑ ብልቃጥ ከካልሲዎቹ ሥር ተገኘ። ማላሮን ነው፤ ዴንቨር ያለው ሐኪሙ ያዘዘለት። ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ክኒኑን ትሪ ላይ ዘረገፉና እንደ ሽምብራ በጣታቸው እየገፉ ቆጠሩ።

አጎት፦ 20 ፍሬ። ለምን 20 እንደሰጠህ ጠይቀኸዋል?

ወጣት፦ ለመጠባበቂያ ይሆናላ። 10 ሌሊት ነው የማድረው።

አጎት፦ መጠባበቂያ የለበትም። ልትወርድ ሁለት ቀን ሲቀርህ ትጀምራለህ፤ ሁለት። 10 ሌሊት ማለት 11 ቀን ነው፤ አሥራ ሦስት። ከወጣህ በኋላ 7 ቀን። ስንት ሆነ?

ወጣት፦ ሃያ።

አጎት፦ ሰው የሚሳሳተው በመጨረሻዎቹ ሰባት ነው። ካምፕ ፈርሶ፣ አውሮፕላን ላይ ተወጥቶ ክኒን ማን ያስታውሳል? በመጨረሻዋ ማታ የተነከስክ እንደሆነ ግን ተህዋሱ መጀመሪያ ጉበትህ ገብቶ ነው የሚደበቀው፤ ወደ ደም እስኪወጣ ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ማላሮን ጉበት ውስጥም ስለሚመታው ነው በ7 ቀን የሚያበቃው። ሌሎቹ ክኒኖች፣ ዶክሲሳይክሊንና ሜፍሎኩዊን፣ የሚመቱት ደም ውስጥ የወጣውን ነው፤ ስለዚህ ከተመለሱ በኋላ 4 ሳምንት ይወሰዳሉ።

ወጣት፦ ዶክሲሳይክሊን ርካሽ ነው ብለውኝ ነበር።

አጎት፦ ርካሽም ጥሩም ነው። ግን ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል፤ የኦሞን ፀሐይ ደግሞ ታያታለህ። አንድ እንግዳችን በሦስተኛው ቀን አፍንጫው እንደ ድንች ተልጦ ነበር። ሜፍሎኩዊን በሳምንት አንዴ ስለሆነ ይመቻል፤ አንዳንዱን ሰው ግን ያዞረዋል፣ ያስቃዠዋል፣ ያስጨንቀዋል። ጠመንጃ ለያዘ ሰው ያ አይሆንም። የትኛው ለማን እንደሚስማማ ሐኪም ይወስን፤ የእኔ ሥራ የተሰጠህን መዋጥህን ማየት ነው። ማታ ከእራት ጋር ትውጠዋለህ፤ ቅባት ያለው ምግብ ሲኖር በደንብ ይሠራል።

ወጣት፦ ክኒኑን ከዋጥኩ ታዲያ ሌላው ሁሉ ለምን አስፈለገ?

አጎት፦ ክኒኑ ለወባ ነው። ቆላ ውስጥ የሚነክስህ ሁሉ ወባ ይዞ የሚመጣ መሰለህ? ስማ፣ የአውሬውን ሰዓት አጥንተህ መጥተሃል አይደል? አጋዘን መቼ ውኃ እንደሚወርድ፣ መቼ ጥላ እንደሚይዝ ታውቃለህ። የትንሾቹንም ሰዓት እንደዚያው እወቅ። ፈረቃ አላቸው።

ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰዓት ጠቆሙት። የሁለት ፈረቃ ሠራተኛ እንደሚያስተዋውቅ ኃላፊ ድምፃቸውን አስተካከሉ።

አጎት፦ የወባዋ ትንኝ የማታ ፈረቃ ናት። ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ትገባለች፤ ጎህ ሲቀድ ትወጣለች። የእኛ አገር ዋነኛዋ አኖፊለስ አራቢየንሲስ ትባላለች፤ ቤት ውስጥም ትነክሳለች፣ ደጅም ትነክሳለች፣ ሰውም ከብትም ይሆናታል። አጎበር ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው፤ አንተ ከመተኛትህ በፊት ሦስት ሰዓት እሳት ዳር ትቀመጣለህ። ቀኑን ሙሉ ቦት ጫማ ያፈነው እግርህ ያን ሰዓት ምን ይፈልጋል?

ወጣት፦ ሰንደል።

አጎት፦ እሷም እሱን ነው የምትጠብቀው! እሷና ዘመዶቿ ለተቀመጠ ሰው ከምድር ብዙ ሳይርቁ ነው የሚመጡት፤ ቁርጭምጭሚትና እግር ይወዳሉ። እንግዳው ፊቱንና አንገቱን ተቀብቶ፣ እግሩን ለእሳቱ ዘርግቶ ሲያወራ፣ ከወንበሩ ሥር እራት እየተበላ ነው። ስለዚህ ከአደን ስትመለስ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ታጠብ፤ ረጅም ሱሪና ካልሲ አድርግ፤ ከዚያ የትንኝ መከላከያህን ዲት ተቀባ። የጠዋቱ ዲት ማታ አይሠራም። 30 ፐርሰንቱ አምስት ስድስት ሰዓት ቢያቆይህ ነው፤ ላብ ካለ ከዚያም ያንሳል። የፀሐይ ቅባት ካለህ እሱ ይቀድማል፣ ዲቱ ከላይ።

ወጣት፦ ቢራስ? እሳት ዳር ቢራ ይፈቀዳል?

አጎት፦ ማን ይከለክልሃል? ግን ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ተመራማሪዎች ሞክረውት፣ የአገራቸውን ቢራ የጠጣ ሰው ሽታ የወባ ትንኝን ይበልጥ ሲስብ አግኝተዋል። ውኃ የጠጣው እንደዚያ አልሆነም። እኛ አገር ደግሞ አረቄና ነጭ ሽንኩርት ወባን ይገድላል የሚል ስንት ሰው አለ! ነጭ ሽንኩርቱ ለወጥ ይሁን። ጢስም እንዲሁ ነው፤ ጥንጁትና ወይራ ስታጤስ ትንኝ ይሸሻል፣ እኔም አጢሻለሁ። ደጅ ላይ ግን ነፋሱ ዞር ሲል ጢሱ ወደ ጎረቤት፣ ትንኟ ወደ አንተ ነች።

ወጣቱ የዲቱን ብልቃጥ በእጁ እያገላበጠ ከመቀመጫው ተነቃነቀ። ሲያብላላው የቆየ ጥያቄ ነበረው።

ወጣት፦ እውነቱን ልንገርዎትና ጋሼ፣ እኔ አደን ላይ ሽቶ እንኳ አልቀባም። አውሬው ይሸተዋል። ይሄንን ተቀብቼ አጋዘን እንዴት እጠጋለሁ?

አጎት፦ አጋዘን ላብህንም፣ ሳሙናህንም፣ የጠመንጃ ዘይትህንም ይሸታል። ነፋሱን ፊትህ ላይ ካደረግህ ሁሉም ያው ነው፤ ነፋሱ ከጀርባህ ከመጣ ምንም ባትቀባ ታውቆብሃል። ሽታ የማይወድ ፒካሪዲን ይያዝ፤ 20 ፐርሰንቱ ከዲት አያንስም፣ ሽታውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ዲት ደግሞ ሌላ አመል አለው፤ ፕላስቲክ ያሟሟል። ተቀብተህ በዚያው እጅህ የመነጽርህን መያዣ፣ የሰዓትህን ማሰሪያ፣ የሰደፍህን ቫርኒሽ ብትነካ ይልመጠመጣል። አንድ ኦስትሪያዊ በየማታው የአባቱን ጠመንጃ ሰደፍ እየደባበሰ ሲያዝን አይቻለሁ፤ አምስቱም ጣቶቹ ታትመውበት ነበር። መዳፍህን ጠርገህ ነው ዕቃ የምትነካው።

ለልብስህ ግን ሌላ ነገር አለ። ፐርሜትሪን ይዘሃል?

ወጣት፦ ይዣለሁ። እዚያ ስደርስ እረጨዋለሁ ብዬ ነው።

አጎት፦ እዚያ ስትደርስማ ልብሱ ላይህ ላይ ይሆናል። ና፣ ተነሥ።

ሁለቱም ወደ በረንዳ ወጡ። ሱሪዎቹ፣ ካልሲዎቹና ካኪ ሸሚዞቹ በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ተሰቀሉ። ሽማግሌው ብልቃጡን ተቀብለው ነፋሱን በጉንጫቸው ለኩና ከእግር ጫፍ ወደ ላይ፣ ከዚያ ዞረው በጀርባ በኩል፣ ጨርቁ ረጠብ እስኪል ረጩት። ክንዳቸው የድሮውን ሥራ አልረሳውም፤ ከግድግዳ እኩል ርቀት ጠብቆ እንደሚሄድ እጅ ነው የሚንቀሳቀሰው። ይሄ ልብስ ላይ እንጂ ቆዳ ላይ የሚቀባ አይደለም፣ ከደረቀ በኋላ ሽታ የለውም፣ ስድስት አጠባ ያህል ይቆያል አሉ። የጎረቤት ድመት አጥሩ ላይ ስታይ ነበርና እሽ ብለው አባረሯት። ለድመት መርዝ ነው።

ወደ ውስጥ ሲመለሱ ወጣቱ ራሱ ሰማያዊውን ሸሚዝ አነሣው።

ወጣት፦ ይሄ አልተረጨም።

አጎት፦ እሱ አይሄድም። ስለ ቆላ ዝንብ ሰምተሃል?

ወጣት፦ ገንዲ የምታመጣዋ? ከብት የምትገድለው?

አጎት፦ እሷው። የቀን ፈረቃ ናት። ኦሞና ማጎ ዳር ያለው ጥሻ ቤቷ ነው፤ ሙርሲዎች ከብታቸውን ከዚያ ጥሻ የሚያርቁት ወደው አይደለም። የሚንቀሳቀስ ነገር ታሳድዳለች፤ መኪና ስትሄድ ትልቅ ጎሽ የሚሮጥ ይመስላታል፣ በመስኮት ትገባለች። ስስ ጨርቅ ትበሳለች። ዲቱንም ብዙ አትፈራውም። የምትወደው ቀለም ደግሞ ሰማያዊና ጥቁር ነው። እንዴት አወቁ ብትል፣ ወጥመዷን የሚሠሩት ከሰማያዊና ከጥቁር ጨርቅ ነው። አንተ ይሄን ለብሰህ ወጥመድ መስለህ ልትዞር ነበር።

ወጣቱ ሸሚዙን እንደ ትኩስ ዕቃ መልሶ ጣለው። ሳቁ።

ወጣት፦ ሰውንስ ታሳምማለች?

አጎት፦ አብዛኛው ንክሻ አሳብጦ፣ አቃጥሎ ይተዋል። የእንቅልፍ በሽታ ግን ከእሷ ነው፤ የምሥራቅ አፍሪካው ዓይነት ደግሞ ፈጣን ነው። እ.አ.አ. በ2012 ኬንያ ማሳይ ማራን ጎብኝተው የተመለሱ አውሮፓውያን ይዟቸው ነበር። እኛ አገር ወደ 30 ዓመት ያህል ሳይታይ ቆይቶ እ.አ.አ. በ2022 ደቡብ ውስጥ ሕሙማን ተገኝተዋል። ንክሻው ቦታ ቁስል ሆኖ ከከረመ፣ ትኩሳትም ከተከተለ ዝም አይባልም። ቃሊቲ ሲባል ሰው ሁሉ ሌላ ነገር ያስባል እንጂ፣ እዚያ ወንዱን ዝንብ እያረቡ፣ በጨረር እያመከኑ ደቡብ ሄደው የሚለቁበት ጣቢያ ነው የተሠራው። ሴቷ ከመከነው ጋር ከተገናኘች አትወልድም።

ወጣት፦ ስለዚህ ምን ልልበስ?

አጎት፦ ካኪ፣ የአፈር ቀለም፣ ወፈር ያለ። መኪናው ጥሻ ሲገባ መስኮት ዝጋ፤ ሙቀቱን ቻለው። ሌላም የቀን ትንኝ አለች፤ ቢጫ ወባ የምታመጣው። ስሙ ወባ ስለሆነ የወባ ክኒን የሚከላከለው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ቫይረስ ነው፣ ምንም አያገናኛቸውም። እ.አ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በዚያው በኦሞ አካባቢና በደቡብ ምዕራብ 30,000 ያህል ሰው ፈጅቷል፤ በ2013 ደግሞ ደቡብ ኦሞ ውስጥ ተመልሶ ተነሥቶ ነበር። ክትባቱ አንዴ ከተወሰደ ዕድሜ ልክ ነው፤ ግን ለመሥራት 10 ቀን ይፈልጋል።

ወጣት፦ ተከትቤያለሁ፤ ከስድስት ሳምንት በፊት። ቢጫዋ ካርድ ፓስፖርቴ ውስጥ አለች።

አጎት፦ ይሄስ ጥሩ ነው። መዥገርስ? ሳር ለሳር በደረትህ ስትሳብ ሳትሰማው ይወጣብሃል። አውሬ የጣልክ ጊዜ ደግሞ እንደ ሐውልት ታቅፈኸው ፎቶ ስትነሣ አስብበት፤ ገላው እየቀዘቀዘ ሲሄድ መዥገሩ ሌላ ቤት ፍለጋ ይወጣል፣ ቅርብ የተገኘው አንተ ነህ። ማታ ስትታጠብ ብብትህን፣ ወገብህን፣ ከጉልበትህ ኋላ ዳብስ። ካገኘህ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዘህ ቀጥ አድርገህ ሳብ፤ ክብሪት አታቃጥልበት፣ ቅቤም አትቀባው። ከሳምንት በኋላ ጥቁር እከክ ያለው ቁስልና ትኩሳት ከመጣ የመዥገር ትኩሳት ነው፤ አፍሪካ ለአደን የሄዱ ሰዎች በየጊዜው ይዘውት ይመለሳሉ። ዶክሲሳይክሊን ያድነዋል።

የአጎበሩ ተራ ደረሰ። ወጣቱ ያመጣው በትንሽ ከረጢት የተጠቀለለ፣ ላባ የሚያህል ነው። ሽማግሌው ዘርግተው በአምፖሉ ፊት ያዙት፤ ቀዳዳ የሚፈለገው እንዲህ ነው፣ ከብርሃን ፊት። አንድ አገኙ፤ ምስር የምታህል። መርፌና ክር ተፈልጎ ተሰፋች።

አጎት፦ ጫፉ ፍራሹ ሥር ይገባል፤ ተንዠርግጎ መሬት ከነካ በሥሩ ይገቡበታል። ተኝተህ ክንድህ መረቡን ከነካ ደግሞ በላዩ ትነክስሃለች። መድኃኒት የተነከረ መሆኑ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ አርፋበት ትሞታለች። ጠዋት ለአደን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ስትነሣ አጎበሩን ለቅቀህ የምትወጣው የማታ ፈረቃዋ ሳታልቅ ነው፤ ተቀብተህ ውጣ።

ድንኳንህን ደግሞ ኩይሳ አጠገብ አታስተክል።

ወጣት፦ ምስጥ ምን ያደርገኛል?

አጎት፦ ምስጡ አይደለም። ደቡብ ውስጥ የአሸዋ ዝንብ በኩይሳው ስንጥቅ ውስጥ ትውላለች፤ ማታ ትወጣለች። ሁመራና መተማ ላይ ደግሞ ቤቷ የተሰነጠቀ ዋልካና የግራር ሥር ነው። ከትንኝ ታንሳለች፤ መድኃኒት በሌለው ተራ አጎበር ቀዳዳ ታልፋለች፣ ድምፅም የላትም። ካላዛር የምታመጣው እሷ ናት።

ወጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማስታወሻ ደብተር አወጣ። በሩ አጠገብ ደግሞ እስካሁን ያላየውን ጆንያ አየ፤ አፉ በሲባጎ የታሰረ፣ ሆዱ የተነፋ።

ወጣት፦ እሱስ ምንድን ነው?

አጎት፦ ያንተ ነው። ስምንት አጎበር አለበት።

ወጣት፦ ስምንት? እኔ አንድ ሰው ነኝ!

አጎት፦ ዱካ ተከታዩ፣ ወጥ ቤቱ፣ ቆዳ ገፋፊዎቹ፣ ሾፌሩ፣ ጥበቃው። እነሱ የት የሚያድሩ ይመስልሃል? ድሮ የሠራሁበት አንድ ካምፕ ነበር፤ የማን እንደሆነ ይቅር። የእንግዶቹ ድንኳን በመረብ የተጠረዘ፣ ሠራተኛው ግን እሳት ዳር ጋቢ ተከናንቦ የሚያድር። አጎበር ይገዛ ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፤ በጀት የለም ተባልኩ። የዚያን ዓመት መስከረም ላይ አንድ የሐመር ልጅ ነበር፤ የአጋዘን ኮቴ ድንጋይ ላይ የሚያነብ። በእንግዳው አደን መሀል ቆሞ እያለ ጥርሱ መንገጫገጭ ጀመረ። እንግዳው መስሎት የነበረው ፍርሃት ነው።

ወጣት፦ ተረፈ?

አጎት፦ ተረፈ። በመኪና ስድስት ሰዓት ወስደነው ተረፈ። ግን አስበው፤ ትንኟ ወባውን የምታመጣው ከሰው ነው። እሳት ዳር አጎበር ሳይኖረው ያደረው ልጅ ደም ውስጥ ካለ፣ ያንተ ውድ ክኒንና የዴንቨር ሐኪምህ እዚያው ካምፕ ውስጥ ካለ ምንጭ ጋር ነው የሚታገሉት። ይሄን ለጽድቅ ብቻ የምልህ አይደለም።

ወጣቱ ጆንያውን አነሣና ክብደቱን መዘነ፤ ከዚያ ከሻንጣው ጎን አቆመው። ጋምባሌዎቹን አውጥቶ ቦታ ፈጠረ።

ወጣት፦ ሁሉንም አድርጌ ቢይዘኝስ?

አጎት፦ የሚይዝህ እዚያ አይደለም፤ ክፋቱ እሱ ነው። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ከተነከስክ ከ7 ቀን በፊት አይታይም፤ ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት ነው የሚመጣው። ያን ጊዜ አንተ ዴንቨር ቢሮህ ተቀምጠሃል። ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ወገብ መቁረጥ። ሐኪሙ ጉንፋን ይልሃል፤ ደጅ በረዶ እየጣለ ወባ ማን ትዝ ይለዋል? ስለዚህ ከበሩ ስትገባ የመጀመሪያው ቃልህ ኦሞ ነበርኩ፣ በዚህ ቀን ወጣሁ የሚል ይሁን። በዚያው ቀን ደምህ ይታይ። ነገ አይባልም፤ ፋልሲፓረም በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሰው ይጥላል።

ወጣት፦ ምርመራው ነጻ ነህ ቢለኝ?

አጎት፦ እኔን ያለኝ እንደዚያ ነው። ከጋምቤላ ተመልሼ እዚሁ አዲስ አበባ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ በፈጣኑ መመርመሪያ ወባ የለብህም፣ ታይፎይድ ነው አሉኝ። አምስት ቀን የታይፎይድ መድኃኒት ዋጥኩ። በስድስተኛው ቀን እህትህ በግድ ሌላ ቦታ ወሰደችኝ፤ ደሜ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሞልቶታል። ኋላ ነው ምክንያት ሊሆን የሚችለውን የሰማሁት። ብዙዎቹ ፈጣን መመርመሪያዎች ፋልሲፓረምን የሚለዩት በሚያመርተው አንድ ፕሮቲን ነው። እኛ አገር፣ ኤርትራም፣ ያን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረ መል የጎደለው ተህዋስ ተገኝቷል፤ እ.አ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ከአማራ፣ ከትግራይና ከጋምቤላ በተወሰደ ደም አሳይቶታል። መመርመሪያው የሚፈልገውን ያጣል፣ በሽታው ግን አለ። ስለዚህ ትኩሳቱ ካልተወህ በማይክሮስኮፕ፣ አንዴ ብቻ ሳይሆን በ12 ወይም በ24 ሰዓት ልዩነት ሦስት ጊዜ ይታይ።

ደግሞ ወር አለፈኝ ብለህ አትዘናጋ። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ይነሣል፤ ማላሮን የተኛውን አይነካውም። የተኛውን የሚገድለው ፕሪማኩዊን ነው፤ እሱም ከመሰጠቱ በፊት የደም ምርመራ አለው፣ ለአንዳንድ ሰው ደም አይስማማም። ለፋሲካ ቢያንቀጠቅጥህ ኦሞን አስታውስ።

እራት ቀረበ። ሽሮው ላይ ቅቤው ገና ይንሳፈፋል። ወጣቱ ስልኩ ላይ የሰዓት ማንቂያ ሞላ፤ በየማታው 1 ሰዓት፣ ለ20 ቀን። ከቦርሳው አንዲት የስም ካርድ አውጥቶ ከጀርባዋ ኦሞ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ቀን በእንግሊዝኛ ጻፈና ከኢንሹራንስ ካርዱ ጋር አኖራት። ከዚያ የመጀመሪያዋን ክኒን በጉርሻ አጅቦ ዋጣት። ሽማግሌው ትሪው ላይ የቀሩትን መልሰው ቆጠሩ፤ አሥራ ዘጠኝ።

በረንዳው ላይ ካኪዎቹ በመብራቱ ይታያሉ፤ ደርቀዋል። ወጣቱ አጣጥፎ ሻንጣው ውስጥ ሲደረድር ሶፋው ላይ የቀረውን ፈለገ። አጣው። ቀና ሲል አጎቱ መስታወቱ ፊት ቆመው፣ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን ዋጋ በመቀስ እየቆረጡ ነበር። ሸሚዙ ትከሻቸው ላይ ትንሽ ሰፋ ብሏል።

“ስድስት ኪሎ የቆላ ዝንብ የለም” አሉ፣ እጅጌውን እየጠቀለሉ።